የሹፌሩ በር

ሌሎቹ የሰፈሯ ሴቶች ጽጌረዳ ሲኮተኩቱ ሄስተር ተኒክሊፍ ቂም ትኮተኩት ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ችላ ብላው አታውቅም። ስለዚህ በሜይ ወር 1988 ኖርማን ፒከፕ አንድ አሮጌ አትኪንሰን የጭነት መኪና እያንደቀደቀ መጥቶ ወርክሾፗ በር ላይ ሲያቆም አልደነገጠችም። ደስ አላት። በመጨረሻ እጇ ገባ።

ሥራዋ በጭነት መኪና በሮች ላይ ስም መጻፍ ነበር። በላንክሻየር አውራጃ የድሮ መኪና የሚያድስ ሁሉ ወደ ፕሬስተን፣ ወደ እሷ ይመጣል። የድሮዎቹን ፊደላት ከነጥላቸው በእጁ የሚጽፍ ሰው ከእሷ በቀር ብዙም አልቀረም።

«እንዴት ነሽ ሄስተር?» አላት ከጋቢናው እየወረደ።

«ደህና ነኝ ሚስተር ፒከፕ። ምን ልርዳዎት?»

«እርስዎ» መባሉ እንደ ጥፊ አረፈበት። ጸጉሩ ሸብቷል። ትከሻው ግን ያው የድሮው ነው፤ ትከሻውን ልብ በማለቷ በራሷ ተናደደች።

«ታውቂዋለሽ መቼም» አለ መኪናውን እያሳያት። «የአባትሽ ነው። አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት አገኘሁት። አድሼ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ የቀሩት በሮቹ ናቸው። እሑድ በመናፈሻው የድሮ መኪኖች በዓል አለ። የመኪናውን ሸራ ገልጦ የሚመርቀው ግሪምሾ ነው።»

ግሪምሾ ሲል ሄስተር ጥርሷን ነከሰች።

«በሩ ላይ ምን ይጻፍ?»

«አንቺ ያልሽው ይጻፍ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የሹፌሩን በር አንቺው በእጅሽ ፍቂው። ለሌላ ሰው አትስጪ፤ ቀለም የሚያነሱበትን እሳትም አታስነኪው።»

«ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም» አለና አውቶቡስ ሊይዝ ሄደ። ሄስተር በሩን ከኋላው ስትቀረቅር እየሳቀች ነበር፤ ደግ ሳቅ ግን አልነበረም።

የተዋወቁት በዚሁ መኪና ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ዋልተር ስድስት ቀያይ መኪኖች የነበሩት ትንሽ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ነበረው፤ በየበሩ ላይ «ዋልተር ተኒክሊፍ፣ ፕሬስተን» ብላ በክሬም ቀለም የምትጽፈው እሷ ናት። አዲሱ ሹፌር ኖርማን ሻዩን ይዞ መጣና በሩን ተደገፈ። ያልደረቀው «ፕሬስተን» ክርኑ ላይ ቀረ።

«አንተ ዓይን የለህም እንዴ?» ብላ ጮኸችበት።

«ነበረኝ፤ ፊደሉን ሳይሆን አንቺን ሳይ ነው» አለና ክርኑን ተመለከተ። «ይሄ ነገር ከልብስ ይለቃል?»

«አይለቅም!»

«ጥሩ ነዋ። የጠፋሁ ቀን የት እንደሚመልሱኝ ያውቃሉ።»

ላለመሳቅ ብላ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ወዲያ ወደ ግላስጎው ሲወጣም ሲመለስም በቤታቸው በኩል ያልፋል፤ ሹፌሮች በመንገድ ላይ እንደሚመሰጋገኑት መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርግላታል። በመንገዱ ላይ ያለው የሻፕ ዳገት በበረዶ በተዘጋ ቀን ምሳዋን ሳትበላ መስኮት ላይ ትውላለች። ሰፈሩ ሁሉ የሠርጉን ቀን ነበር የሚጠብቀው።

ከዚያ የአባቷ ልብ ደከመና ድርጅቱን ለግሪምሾ ሸጠ። ግሪምሾ እጁን ጨብጦ፣ «በሕይወት እስካለህ ድረስ ስምህ ከበሮቹ አይወርድም» አለው። አባቷ ደግሞ እጅ መጨባበጥ ከፊርማ ይበልጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በሳምንቱ ግሪምሾ ስድስቱን ሹፌሮች ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ነገ ማታ ሳይሆን፣ ነገ ጠዋት! እያንዳንድሽ የመኪናሽን በር ራስሽ ፍቀሽ በእኔ አረንጓዴ ትቀቢያለሽ» አለ፤ ወንዶቹን ለማዋረድ እንደ ሴት ነበር የሚያናግራቸው። «ያልተስማማው መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

ሦስቱ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ኖርማን በማግስቱ ብሩሹን አነሳ።

አባቷ ከቀድሞ ቢሮው መስኮት ሆኖ ስሙ በአረንጓዴ ሲዋጥ አየ። ቤት ሲደርስ የኮቱን ቁልፎች መፍታት አቅቶት ሄስተር ፈታችለት። በዚያው ክረምት ሞተ። ግሪምሾንስ ከመጀመሪያውም አትወደውም ነበር፤ የምትወደው ሰው ግን ብሩሽ ይዞ አባቷን ሲቀብር በዓይኗ አየች። ኖርማን በር ሲያንኳኳ ለዚያ ነው ያልከፈተችው።

እነሆ አሁን መበቀያው በእጇ ነው። በሹፌሩ በር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የሹፌሩን ስም በትንንሽ ፊደላት መጻፍ የድሮ ልማድ ነው፤ ለሹፌር ከዚያ በላይ ክብር የለም። ሄስተር ለኖርማን የሚጻፈውን ወረቀት ላይ ነድፋ ጨረሰች፦ «ሹፌር ኖርማን ፒከፕ፤ ያበላውን ሰው ስም በገዛ እጁ ያጠፋ።» ሁለቴ አነበበችው። እሑድ ሸራው ሲገለጥ የአገሩ ሹፌር ሁሉ ያነበዋል። አጻጻፉ ራሱ አምሮላት ነበር።

ዓርብ ጠዋት የብርጭቆ ወረቀቷን ውኃ ነክራ የሹፌሩን በር መፋቅ ጀመረች። ጥቂት እንደፋቀች አረንጓዴው ቀለም አልተፋቀም፤ ተነሳ። ጠርዙን በጥፍሯ ስትስበው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከትሏት መጣ። ከሥሩ ቡናማ ወረቀት ነበር። ከወረቀቱ ሥር ሰም፤ ከሰሙ ሥር ቀዩ ቀለም፤ በቀዩ ላይ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የጻፈቻቸው ፊደላት፣ አንዳቸውም ሳይጫሩ።

ስልክ ደወለች። ኖርማን ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር መሰል፣ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በር ነዋ።»

«አትቀልድብኝ ኖርማን!» «እርስዎ» የሚለው ከአፏ ጠፍቶ ነበር።

«ግሪምሾ ከመድረሱ በፊት ማልጄ ገባሁ። ሰም ቀባሁት፣ ወረቀት ለጠፍኩበት፣ ጠርዙን በእስቱኮ ደፈንኩት። ፍቄዋለሁ ብዬ ዋሸሁት። እምቢ ብዬ ብወጣ ኖሮ ሌላ ሰው በእሳት ይለበልበው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«ነገርኩሽ እንጂ! ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ለአባትሽ በጆሮው ንገሪው፣ ስሙ ደህና ነው በይው አልኩሽ።»

ሄስተር ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሦስቱንም ሳትከፍት ምድጃ ውስጥ ከታቸዋለች። ሲነዱም ቆማ እያየች አንጀቷ ርሶ ነበር። አባቷ ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ይስል ነበር።

«አቃጠልኳቸው» አለች።

«ገምቼ ነበር። አሁንም በአፍ ብነግርሽ አታምኚኝም ብዬ ነው በሩን ያመጣሁልሽ።»

«አባቴ ሳይሰማ ሞተ እኮ። ያላሰማሁት እኔ ነኝ።»

ኖርማን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሄስተር የነደፈችውን ወረቀት አንስታ ቀደደችው።

«ግሪምሾ እሑድ መምጣቱ እርግጥ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ይመጣል።»

«እንግዲያው በሩን አልነካውም። እንዳለ ይቅረብ።»

ኖርማን ቀና ብሎ አያት። ከሃያ አራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የክፋት ነበር።

እሑድ መናፈሻው በሽማግሌ ሹፌሮች ተሞላ። ያኔ ኮፍያቸውን አንስተው ከወጡት ሦስቱ አንዱ፣ ኖርማንን ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎት የማያውቀው ሲረል፣ ከፊት ቆሟል። ግሪምሾ በከዘራ ተደግፎ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«የተኒክሊፍ ሰዎች ቤተሰቦቼ ነበሩ» አለ። «የዋልተርን ስም በክብር ነው የጠበቅሁት።» ሸራውንም ሳበው።

በሩ ታየ። ዙሪያው የተቀደደ አረንጓዴ ቀለም ነው፤ መሃሉ ላይ «ዋልተር ተኒክሊፍ» በቀዩ ላይ በክሬም ያበራል። ግሪምሾ አፉን ከፈተ።

«ይሄ ተፍቆ ነበር! እኔ ራሴ ነኝ ያስፋቅሁት!»

ማይክሮፎኑ ገና እጁ ላይ ነበር። መናፈሻው ከዳር እስከ ዳር ሰማው።

«እግዜር ይስጥህ ግሪምሾ» አለች ሄስተር፣ የከተማው ሰው ሁሉ አንቱ የሚለውን ሽማግሌ። «አንተ ባትናገር ማን ያምነን ነበር?»

ማንም አልሰደበውም፤ ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ጀርባቸውን ሰጡት። ግሪምሾ በእርጥቡ ሣር ላይ እያዘገመ ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ። ሲረል ኖርማንን ጨበጠውና እጁን ቶሎ አልለቀቀም።

ሄስተር ዓይኗን ከግሪምሾ ጀርባ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ሸኘችው። ደስ አላት። ውሸት አይደለም፣ በጣም ደስ አላት። ደስታው ግን ሻይ አፍልቶ እስከ መጠጣት እንኳ አልቆየም።

«ጠገብሽ?» አላት ኖርማን።

«እሱንስ ጠገብኩ። እኔንስ? በአባቴ ላይ ለሠራሁት እኔን ማን ይበቀለኛል?»

«እኔ አለሁ» አለ ኖርማን። «እኔም ቂም አለኝ። በአንቺ ምክንያት ሃያ አራት ዓመት እራቴን ብቻዬን ነው የበላሁት።»

«ታዲያ ምን ትፈርድብኛለህ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ትበያለሽ። በየቀኑ። አባትሽ ትዝ የሚልሽ ቀንም ቢሆን ከገበታው ተነስተሽ አትሄጂም። እኔም አልሄድም።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ዕድሜ ልክ። ይግባኝ የለውም።»

ሄስተር በዚያ ሁሉ ሹፌር ፊት አለቀሰች፤ ፍርዷንም ተቀበለች።