የሹም በላ ወንዝ ሹም

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ተቀርቅሯል? ይቀርቀር። ዛሬ ጨረቃ የለችም፤ ውጪው እንደ ጋን ሆድ ጨልሟል። እንዲህ ባለ ሌሊት መንገድ የወጣ ሰው ይኖር ይሆን? ካለም እግዜር ይጠብቀው። የምነግራችሁም መንገድ ስለወጣ ሰው ነው።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። በአንድ መንደር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። አርሶ አዳሪ ነው፣ ጾም አይገድፍም፣ የጎረቤት ድንበር አይገፋም። አንድ ነገር ብቻ ነበረችበት። ምን? ሹመት ይወዳል። ሹመት ስላችሁ ደጃዝማችነት እንዳይመስላችሁ። የሚመኘው ጭቃ ሹምነት ነው፤ የመንደር አለቅነት። ግብር ማሰባሰብ፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ ድግስ ላይ ከቄሱ ቀጥሎ መቀመጥ። እሷኑ ነው። በሬውን ሲጠምድ እንኳ «በል፣ ትእዛዝ ነው» ይለው ነበር ይባላል። በሬው ይታዘዘው ነበር? እኔ እንጃ።

ታዲያ ያን ጊዜ ሹመት እንዲሁ አይያዝም። ከተማ ያለው ምስለኔ ወረቀት ያስጽፋል፣ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ወረቀቱ ግን ብቻውን ሹመት አይሆንም። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር፣ ሕዝብ ቆሞ መሪጌታ ያነበዋል። ሲነበብ ሕዝቡ «ሹመት ያዳብር» ይላል። ተሿሚው «አሜን» ይላል። ያኔ ሹመቱ ጸና። ሳይነበብ፣ ሹመት ያዳብር ሳይባል፣ ያ ወረቀት ወረቀት ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ሞተ። ቦታውን የሚፈልጉ ሁለት ሆኑ፤ ጓንጉልና ቢተው የሚባል ጎረቤቱ። ምስለኔው ለጓንጉል ፈረደ። «ቅዳሜ መጥተህ ወረቀትህን ውሰድ። በማግስቱ ሰንበት ይነበብ። ሰንበት ካላስነበብክ ለቢተው እሰጠዋለሁ» ብሎ ላከበት።

ቅዳሜ ማለዳ ስንቁን ሲያስቋጥር ሚስቱን ውብአንቺን ምን አላት?

«ካሁኑ ልመጂ። አንቱ በዪኝ።»

«ሲነበብ ነው» አለችው።

«ብትለማመጂ ምን አለበት?»

«ባልተነበበ ሹመት አንቱ ብዬህ፣ ነገ ቢቀር አንተ ለማለት አፌ ሲያዝ ልቸገር?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ስማኝ ጓንጉል። ከመሸብህ ከተማ እደር። ገበያ ውለው ካደሩት ጋር ጎህ ሲቀድ ብትነሣ ለቅዳሴ ትደርሳለህ። ሹም በላን በሌሊት ብቻህን አትሻገር።»

ሹም በላ ወንዝ ነው። ከከተማ ወደ መንደሩ የሚመጣ ሰው እሱን ሳይሻገር አይመጣም። ስሙ ለምን ሹም በላ ሆነ? ጓንጉል ጠይቆ አያውቅም። እናንተ ብትሆኑ አትጠይቁም?

ከተማ ደረሰ። ምስለኔው ቀኑን ሙሉ ደጅ አስጠናው። ወረቀቱን ሲቀበል ፀሐይ ጠልቃለች። «እደር» ቢሉት እምቢ አለ። «እኔ እዚህ ሳንኮራፋ ቢተው አንድ ነገር ቢሸርብብኝስ?» አለ። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ።

ያን ሌሊት እንደ ዛሬው ድፍን ጨለማ አልነበረም። ጨረቃ ነበረች። በጋ ነው፣ መሬቱ ደርቋል፣ መንገዱ ነጭ ሆኖ ይታያል። በመንገዱ ላይ ሰው አለ? የለም። ጓንጉል ግን የነገውን ንግግር እየተለማመደ ይሄዳል። «ሕዝቤ ሆይ» ይላል። «ኧረ ሕዝቤ ሆይ በዛ» ይላል። «ወገኖቼ» ይላል።

እንዲህ ሲል ከኋላው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እህ። እህ።

ዞረ። ማንም የለም። «ጅብ ነው» አለ። ጅብ ጉሮሮውን ይጠርጋል? አይጠርግም። ጓንጉልም ያውቃል። ግን ምን ይበል?

ትንሽ ሄደ። አሁን ደግሞ ጠብ፣ ጠብ። ጠብ፣ ጠብ። ውኃ ይንጠባጠባል። በበጋ ውኃ ከየት መጣ? ዞረ። አሁን ሰው አለ። ረጅም ሰው ነው፤ ካባ ደርቧል። ከካባው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

«እንደምን አመሸህ?» አለ ሰውየው።

«እግዜር ይመስገን። ወዴት ነህ?»

«ሹመቴን ይዤ ወደ አገሬ ልገባ ነው።»

ጓንጉል ደስ አለው። «እኔም ሹመቴን ይዤ ነው። ያንተ የት ነው?»

ሰውየው የመንደሩን ስም ጠራ። የማንን መንደር? የጓንጉልን።

«ምን ተብለህ?»

«ጭቃ ሹም።»

አሁን ጓንጉል ፈራ? አልፈራም። ተናደደ። «አየህልኝ ይሄን ምስለኔ፤ አንዷን ላም ለሁለት ሸጣት» አለ። ሰውየው ከቢተው ዘመዶች አንዱ መስሎታል። እየሄዱ ተከራከሩ።

«ለመሆኑ ማኅተም አለው ያንተ?»

«አለው።»

«የእኔ ገና ቀለሙ አልደረቀም።»

«የእኔ ቆየት ብሏል» አለ ሰውየው።

«ታዲያ ለምን አላስነበብከውም?»

«መንገድ ላይ ቆየሁ።»

«ሹመት ይዞ መንገድ ላይ የሚቆይ ሰው አለ? ምን አቆየህ?»

«ወንዙ።»

እንዲህ ሲባባሉ ሹም በላ አፋፍ ላይ ደረሱ። ጓንጉል «እስቲ አሳየኝ» አለ። ሰውየው ከካባው ሥር ወረቀቱን አወጣ። ርሶ ከመዳፉ ጋር ተጣብቋል። ጓንጉል ፊደል ይቆጥራልና ጎንበስ ብሎ በጨረቃዋ ብርሃን ማኅተሙን አየ። የሿሚው ጌታ ስም አለበት። ያ ጌታ ማነው? የጓንጉል አያት ገና ልጅ ሳለ ሞቶ የተለቀሰለት ጌታ ነው።

ጓንጉል ቀስ ብሎ ወደ መሬት አየ። ጨረቃዋ ከኋላቸው ናት። ከፊታቸው የተዘረጋው ጥላ ስንት ነው? አንድ። የማን? የጓንጉል። ዱላው እንኳ ጥላ አለው። የዚያ ሰው የለም።

አሁን ገባው። ይሄ ሰው ሹመቱን ለማስነበብ ሲጣደፍ፣ በሌሊት ብቻውን ሲሻገር፣ ሙላት የወሰደው ሰው ነው። ሬሳው አልተገኘ፣ ፍትሐት አልተፈታለት፣ ወረቀቱም አልተነበበለት። ወንዙ ለምን ሹም በላ እንደተባለ ጓንጉል ያን ጊዜ አወቀ። ሲያውቅ ግን መሽቶበት ነበር።

ሰውየው ወርዶ መሻገሪያው መካከል ቆመ። ውኃው እግሩን አይነካውም። «አንድ አገር ሁለት ሹም አይገባም» አለ። «ወይ እኔ እገባለሁ፣ ወይ አንተም እዚህ ትቆያለህ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ለሞተ ሰው ምን ይባላል? ነፍስ ይማር ይባላል። ያቺን ቢልለት ሰውየውም ያርፍ ነበር፣ እሱም ያልፍ ነበር። ጓንጉል ግን ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው ነው። ሹም ሲያይ ወገቡ ሳያዙት ይታጠፋል። ጋቢውን አደገደገ፣ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ሹመት ያዳብር» አለ።

የሰውየው ፊት በራ። ይህቺን ቃል ስንት ዘመን ጠብቋታል። «አሜን» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያም ገለል አለለት። ጓንጉል ተሻገረ? ተሻገረ አይባልም። በረረ።

ቤቱ ሲደርስ ውብአንቺ ከፈተችለት።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?»

«ብቻዬን ነው።»

«ታዲያ ደጃፉን ማን አረጠበው?»

በሩን ቀረቀረ።

ነጋ፤ የሰንበት ቅዳሴ አለቀ። ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። መሪጌታ ወረቀቱን አነበበ። «ሹመት ያዳብር» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ጓንጉል አሜን ሊል አፉን ከፈተ። ገና ሳይል ከኋላው «አሜን» ተባለ።

«ከንፈሩ ሳይነቃነቅ አሜን የሚል ሹም አገኘን» አለ ቢተው። ሰው ሳቀ። ጓንጉል ግን አልሳቀም። አልዞረምም። ጠብ፣ ጠብ ይሰማዋል።

ከዚያ በኋላማ ምን ኑሮ አለ? «ጭቃ ሹም» ብሎ የጠራው ሁሉ ሁለት «አቤት» ይሰማል። የተጣሉ ሰዎች ሲመጡ ጓንጉል «ይቅር ተባባሉ» ሲል ከኋላው «ይካስ» ይባላል። ድግስ ላይ ከቄሱ ቀጥሎ ሊቀመጥ ሲል መደቡ ርሶ ይቆየዋል። ውብአንቺም «አንቱ ልልህ ነበር፤ አሁን ግን እናንተ ልበላችሁ ይሆን?» አለችው። ቀለደች እንጂ ማታ ማታ አትተኛም ነበር።

በመጨረሻ ቄሱ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ተናገረ።

«ልጄ» አሉት ቄሱ፣ «ነፍስ ይማር ማለት ሲገባህ ሾምከው። ፍትሐቱን እኔ እፈታለታለሁ። ግን አንተ ያቺን ወንበር እስከያዝክ ድረስ እሱም ይዟታል። ትተዋታለህ?»

ልጆቼ፣ ዕድሜ ልክ የተመኙትን መተው ይቀላል? አይቀልም። ጓንጉል አንድ ሌሊት ወረቀቱን ታቅፎ አደረ። ጠዋት ግን ተነሣ። ቄሱም፣ ውብአንቺም፣ ጎረቤቱም ተከትለውት ሹም በላ ወረዱ። ቄሱ ፍትሐቱን ፈቱ። ጓንጉል ወረቀቱን ውኃው ላይ አኖረ። «ሹመቱ ያንተ ነው። ነፍስህን ይማር» አለ።

ከወዲያ ማዶ «አሜን» ተባለ። ለየትኛው ነው አሜን ያለው? ለሹመቱ ነው ወይስ ለነፍሱ? እሱን ማንም አላወቀም።

ያን ዕለት ጓንጉል ቤቱ ሲመለስ ውብአንቺ ቀድማው ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «ይግቡ» አለችው። ሹመቱን ከተወ በኋላ እንግዲህ። እስኪሞት ድረስ አንቱ ስትለው ኖረች።

ጭቃ ሹምነቱን ቢተው ያዘው። በቀን ሹሙ ቢተው ነው። በሌሊት ግን መንገዱ የራሱ ሹም አለው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ከኋላው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሹመት ያዳብር የሚለው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም አትዙሩ፣ እጅ አትንሡ። ነፍስ ይማር በሉ።

አሁን ጉሮሮውን የጠረገው ማነው? አንተ ነህ? አንቺ ነሽ? ማንም አይደለም?

እንግዲያው በሩን እዩ። በበጋ፣ ያ ከሥሩ የሚገባው ውኃ ከየት መጣ?