ተቆልፌአለሁ ያለው በር

ጋሼ ኃይለማርያም የተገኙት በማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር፣ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ ሆነው ነው።

ያየቻቸው ፀሐይ ስትወጣ ውሻዋን ይዛ የወጣች ፈረንጅ ሴት ናት። ፒጃማቸው ላይ ነጠላ ደርበው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ምን ሆነው ነው ብትላቸው አንድ ነገር በአማርኛ ደጋግመው ነገሯት። ምስኪን፣ አማርኛ ከየት ታምጣ? ኮቷን አልብሳቸው አምቡላንስ ጠራች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ራሳቸውን ስተው ነበር።

ከወንዙ ሽቅብ ሲወጣ እሳቸው የሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት አለ፤ ሐበሻው ሁሉ "ኤጅድ ኬሩ" ይለዋል። ማስታወስ የከዳቸው አዛውንቶች ያሉበት ክንፍ መውጫው አንድ በር ብቻ ነው። በሩ የኤሌክትሪክ ቁልፍ አለው። ቁልፉ ደግሞ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለች ትንሽ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነው። ኮምፒውተሯ ሌሊቱን ሙሉ የመሰከረችው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ተቆልፏል።

በሩ ከተቆለፈ ሰውየው በየት ወጡ?

መልሱ ለሁሉም ቀላል ሆነ። በሩን በእጅ የሚከፍተው ቁልፍ በዚያ ሌሊት አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። የሌሊት ተረኛዋ የዙበይዳ ኪስ ውስጥ።

ዙበይዳ የደሴ ልጅ ናት። አዛውንት ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ጸጉሯ ሸብቷል። አስኮት ቬል በሚባለው ሰፈር ባለ ፍላት ውስጥ የወንድሟን ልጅ ኒስሪንን ለብቻዋ አሳድጋ ኢንጂነር አድርጋለች። የኒስሪን ሥራ ድራይቨር መጻፍ ነው፤ የመኪና ሳይሆን፣ ኮምፒውተርን ከዕቃ ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም።

"ሰስፔንድ አደረጉኝ፣ ከሥራ አገዱኝ" አለች ዙበይዳ። "ዓርብ ሚቲንግ አለ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አጠገብ አትድረስ ሊሉ ነው።"

ኒስሪን አላለቀሰችም። ማልቀሱን ለኋላ አቆየችውና አክስቷን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ወደ ሊንዳ ቢሮ ገባች።

ሊንዳ ክፉ ሴት አይደለችም። የፈራች ሴት ናት፤ የፈራ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ እስኪያገኝ አያርፍም።

"የት ነበርሽ?" አለቻት።

"እዚያው ሳሎን። ሱብሂ እየሰገድኩ።"

"በሩ ይታይሽ ነበር?"

"ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።"

"ሰውዬውስ?"

"አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ዳዊት ሲደግሙ ትቻቸው ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነን። እኔ ስነሳ ይነሳሉ። እኔ በእኔ፣ እሳቸው በእሳቸው።"

"ቁልፉስ?"

"ኪሴ ውስጥ። ወላሂ አልወጣም። ጀርባዬን ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ ተወኝ። ሶላቴን ጨርሼ፣ አሰላምቼ ብዞር ጋሼ የሉም። በሩን ነካሁት፣ ተቆልፏል። ስለዚህ ውስጥ ናቸው ብዬ መጸዳጃ ቤቱን፣ አልጋ ሥሩን፣ ክፍል ለክፍል ፈለግሁ። እሳቸው ውጭ፣ እኔ ውስጥ።"

ሊንዳ ይህን ሁሉ ጻፈች። ብርዱን ግን አልጻፈችም።

ኒስሪን ብርዱን ያዘች። የተቆለፈ በር ንፋስ አያስገባም።

ሲወጡ ለአስራት ደወለችለት። አስራት የዚያን ቁልፍ ሥርዓት የገጠመው የትንሽ ድርጅት ባለቤት ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ሥራ ያስተማራትም እሱ ነው፤ በዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ፕሮግራመር ግማሹ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። "ኮድ ስታነቢ መጀመሪያ ሠንጠረዡን" ይላት ነበር፤ "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።"

"ጋሽ አስራት፣ በሩ በእርግጥ ተቆልፎ ነበር?"

"የኮምፒውተሯ መዝገብ እንደዚያ ይላል። ማሽን አይዋሽም፣ ኒስሪን።"

"የድራይቨሩን ፋይል ሊልኩልኝ ይችላሉ?"

"እልክልሻለሁ" አለ፤ ስልኩን ዘጋ።

ሌላም የሚጠረጠር ሰው ነበር። የጋሼ ልጅ ራጉኤል፣ ከከተማው ዳር ሜልተን የሚኖረው። አባቱን ከዚያ ቤት አውጥቶ እኔ ዘንድ ካልወሰድኩ ብሎ ሲጣላ ከርሟል። በዋዜማውም መጥቶ ነበር፤ የጎብኚ ካርድ አለው። ኒስሪን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አገኘችው።

"አንቺ የዚያች ሴትዮ ዘመድ ነሽ" አላት ሳይነሳ።

"ነኝ። ትናንትና ማታ ከአባትዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።"

"አዎ። ና ሜልተን እንሂድ አልኩት። 'ዙበይዳን ለማን ጥዬ?' አለኝ።" ሳቀ፤ ሳቁ አላማረም። "እኔን ረስቶ የእሷን ስም አይረሳም። ከዚያ መጋዘኑ፣ ዌርሃውስ ሺፍቴ ገባሁ። ሲደውሉልኝ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ነበርኩ፤ ሱፐርቫይዘሬ ነው ደግፎ ያወረደኝ። ሌላ የምትጠይቂው አለ?"

ዓይኑን አይታ አመነችው። የዚያን ያህል የሚወድ ሰው አባቱን ለብርድ አይሰጥም።

"ለአክስትሽ ንገሪያት፣ እዚህ ድርሽ እንዳትል" አላት።

በማግሥቱ ከሰዓት ኒስሪን ሊንዳን ለምና በሩ ፊት አቆመቻት።

"አንድ ነገር ንገሪኝ" አለቻት። "አክስቴ በእጅ ቁልፍ ከፍታ ለቃቸዋለች ነው የምትሉት?"

"ሌላ መንገድ የለም።"

"ይህ ቁልፍ ሴንሰር አለው። በእጅም ይከፈት በካርድ፣ መከፈቱን ያውቃል። አክስቴ ከፍታው ቢሆን መዝገቡ ለቅጽበት እንኳ 'ተከፍቷል' ባለ ነበር። አላለም፤ ጋሼ ግን በዚያው በር ወጥተዋል። ስለዚህ ያ መዝገብ ንጹሕ ናት አይልም፤ ጥፋተኛ ናትም አይልም። ታዲያ ምን እያለ ነው?"

ሊንዳ ግራ ገባት። "ምን እያለ ነው?"

"በሩን ክፈቺው።"

ሊንዳ በካርዷ ከፈተች። ኒስሪን በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ በረገደችው። የወንዙ ንፋስ እየተግተለተለ ገባ፤ ሳሎን የተቀመጡት አሮጊት ሻላቸውን ሰበሰቡ።

"አሁን ስክሪኑን አንብቢ።"

ሊንዳ አነበበች። ደግማ አነበበች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ተቆልፏል።

የሊንዳ ፊት አመድ መሰለ። ኒስሪን ግን ደስታ አልተሰማትም፤ ዓይኗ የበሩ መቃን ላይ ቀርቶ ነበር። የቁልፉ ምላስ በሚገባበት ቦታ እንጨቱ አዲስ ተልጓል። ቀለም እንኳ አልተቀባም።

"ይህን ማን ላገው?"

"የቁልፉ ድርጅት ሰው። ጋሼ በተገኙበት ዕለት መጣ። ቼክ ላድርግ ብሎ። ኮምፒውተሯን ግን ፖሊስ እንዳትነካ ስላለ አልነካትም።"

"የትኛው ሰው?"

"ባለቤቱ ራሱ።"

ኒስሪን እቤቷ እስክትደርስ አልጠበቀችም። ትራሙ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ አስራት የላከላትን ፋይል አወጣች። እንዳስተማራት መጀመሪያ ሠንጠረዡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከርነል የሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና አዛዥ እያንዳንዱን ቁልፍ በመልኩ አያውቅም። ለቁልፍ ሁሉ የሚያቀርበው የተወሰነ ጥሪ አለው፤ ቆልፍ፣ ክፈት፣ ተቆልፈሃል ወይ? እነዚህን ሜተድ ይሏቸዋል። ድራይቨሩ የአንዱን ቁልፍ ጠባይ የሚያውቅ አስተርጓሚ ነው። ሠንጠረዥ ይዞ ይቀርባል፤ ይህን ስትፈልግ እዚህ ጥራ፣ ያንን ስትፈልግ እዚያ ጥራ ይላል። ሠንጠረዡ ላይ የሌለ ሜተድ ሲጠራስ? ከርነሉ አይቆጣም። አስቀድሞ የተቀመጠውን ተጠባባቂ ይጠራል። ተጠባባቂው ሴንሰር ለሌላቸው የድሮ ቁልፎች የተጻፈ ነው፤ ምንም ሳያይ ዜሮ ይመልሳል። ዜሮ ማለት ደግሞ ችግር የለም ማለት ነው፤ ስክሪኑም "ተቆልፏል" ብሎ ይጽፋል። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ለቀረው ልጅ ጓደኛው "አቤት" እንደሚልለት ማለት ነው።

ሠንጠረዡ ላይ "ቆልፍ" አለ። "ክፈት" አለ። "ተቆልፈሃል ወይ?" የለም።

ተረስቶ ይሆን? ወደ ታች ወረደች። ሴንሰሩን የሚያነበው ኮድ እዚያው አለ፤ በጥንቃቄ የተጻፈ፣ የሚያምር ኮድ። ጠሪ ብቻ ነው ያጣው። እንዲህ ሲሆን ኮዱን የሚያጠናቅረው ፕሮግራም "ይህን ማንም አይጠራውም" ብሎ ያስጠነቅቃል። አንድ ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን ዝም የሚያሰኝ ምልክት ከፊቱ ጨምሮበታል።

የረሳ ሰው እንዲህ አያደርግም። ያወቀ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ትራም ውስጥ፣ ሰው እያያት።

አስራት ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ያለው ሥራ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሲያያት አልደነገጠም። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

"ፋይሉን ለምን ላኩልኝ? እምቢ ማለት ይችሉ ነበር።"

"ሠንጠረዡን መጀመሪያ እንደምታነቢ አውቃለሁ" አለ መነጽሩን እያወለቀ። "በራሴ አፍ መናገር አቃተኝ። አንቺ እንድታገኚው ፈለግሁ መሰለኝ።"

"ከሠንጠረዡ ለምን አወጡት?"

"ደወሉ ይጮህ ነበር። ሌሊት ሌሊት፣ አልተቆለፈም፣ አልተቆለፈም እያለ። ሽማግሌዎቹ እየባነኑ ተቸገሩ። ሊንዳ የተቆጣጣሪዎቹ ኢንስፔክሽን ሳይመጣ ካላስቆምከው ሌላ ድርጅት እናመጣለን አለች። ሄጄ አየሁት፤ በሩ ግጥም ብሏል። ሴንሰሩ ነው የተበላሸው ብዬ አዲስ አዘዝኩ። እስኪመጣ ድረስ አንዷን መስመር አነሳሁ። ለትንሽ ጊዜ ብዬ።"

"ሴንሰሩ ግን አልተበላሸም ነበር።"

"አልተበላሸም።" አንገቱን ደፋ። "መቃኑ በዝናቡ አብጦ ምላሱ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። እውነቱን ነበር የሚጮኸው።"

ኮንትራቱን ላድን ብሎ ስሙን ጣለ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት።

"መስመሯን ማንሳትዎን እረዳለሁ" አለች ኒስሪን። "ሰው ይሳሳታል። ግን ጋሼ በተገኙ ዕለት መቃኑን ልገው ወጡ። አወቁ ማለት ነው። አክስቴን ሲከሷት ያውቁ ነበር። ማሽን አይዋሽም አሉኝ፣ ጋሽ አስራት። ለእኔ!"

"ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል…" ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ማየት ከባድ ነው። ጠልታው ነበር የመጣችው፤ ጥላቻው አልበረክት አላት።

"ይነሱ" አለችው። "ለራጉኤል ራስዎ ይነግሩታል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ።"

በመንገድ ዙበይዳን ከአስኮት ቬል ይዘዋት ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ራጉኤል ሦስቱን ሲያይ ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "እሷ አትምጣ አላልኩም?"

"አጥፊው እኔ ነኝ" አለ አስራት። ሁሉንም ነገረው። ማስተባበያ አልጨመረም።

ራጉኤል ክንዱን አነሳ። ዙበይዳ "ተው ልጄ!" ብላ መሐል ገባች። እጁ አየር ላይ ቆየና ወረደ።

"ዙበይዳ ናት?" አለ ከውስጥ አንድ ደካማ ድምፅ።

ጋሼ ኃይለማርያም ዓይናቸውን ገልጠዋል። ራጉኤል ገለል አለ፤ ዙበይዳ ሮጣ ገብታ እጃቸውን ያዘች።

"ብርዱ ተወሽ?" አሏት።

"የምን ብርድ፣ ጋሼ?"

"በሩ ተከፍቶ ጀርባሽን ይመታሽ ነበር እኮ። ጸሎት ላይ ነሽ፣ አልጠራሽም። ልዝጋልሽ ብዬ ተነሳሁ። እጀታው ከበሩ ጋር ወደ ውጭ ሄዷል። ወጥቼ ገፋሁት። ያን ጊዜ ጥርቅም አለ።" ትንሽ አረፉ። "ዘጋሁልሽ። ለዚያች ውሻ ለያዘችው ሴትም ነግሬያታለሁ፤ ዘግቼላታለሁ ብዬ። አልሰማችኝም።"

አስራት ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ታዲያ ለምን አላንኳኩም?" አለች ዙበይዳ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ።

ጋሼ በጥያቄው የተገረሙ መሰሉ።

"እየሰገድሽ እኮ ነው።"

ዙበይዳ ግንባሯን እጃቸው ላይ አደረገች። "ነፍስ ለማዳን ሶላት ይቋረጣል፣ ጋሼ። ሁለተኛ ያንኳኩ። እባክዎ ያንኳኩ።"

"እሺ" አሉ፣ ዓይናቸውን እየከደኑ።

ራጉኤል አባቱ ራስጌ የነበረውን ወንበሩን አንስቶ ከዙበይዳ ኋላ አስቀመጠላት። "ተቀመጪ፣ እትዬ ዙበይዳ" አላት።