የደሴቲቱ ድንበርና የበሩ ጨው

ጋሼ ሐብተማርያም ከምድር ቤቱ፣ ከቤዝመንቱ ደረጃ ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ሲገኙ፣ ሬሳቸው ሳይነሳ ጥፋተኛ ተገኘላቸው፤ አስታማሚያቸው ዛሂዳ። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ ክፍት የተተወ በር፤ በቃ፣ አለቀ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት አሜሪካ፣ ዌስት ሴንት ፖልም ድረስ ተከትሎን መጥቷል።

«የሥራ ላይሰንሴን ሊወስዱብኝ፣ ሊያስሩኝ ነው» አለች ዛሂዳ እያለቀሰች። «ሁለቱን ልጆቼን ለማን ልተዋቸው? ወላሂ፣ የቤዝመንቱን በር ዘግቼ ነው የሄድኩት!»

ፖሊሷ መርማሪ መቅሊት ለማባበል አልቸኮለችም። «ከመውጣትሽ በፊት መጨረሻ ላይ ምን ሠራሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በር ላይ ጫማ የሚወልቅበትን ትሪ ወልውዬ ወጣሁ። በረዶ ሊያቀልጡ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው በጫማ እየገባ ወለል ያበላሻል እያሉ ጋሼ ይቆጡኛል።»

መቅሊት በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ትሪው ላይ የደረቀ ጨው የትልቅ ቦት ሶል ቅርጽ ጥሏል። በፕላስቲክ ሸፈነችው።

አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ጌቱ አውቶቡስ ነጂ ነው። «የምገባውም የምወጣውም በመኪና ማቆሚያው ጋራዥ በኩል ነው፤ ጫማዬ እዚያው ይቀራል» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው። ሲያጠኑት የነበረው አሮጌ ካርታም የለም።»

ካርታውን እንዲያዩለት ያመጣላቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር አቤኔዘር ነበር። ፈረንሳይና ስፔን ለሁለት የተቀራመቷትን፣ ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያሉባትን ደሴት ያሳያል። ጋሼ ስለዚያች ደሴት ሲያነቡ ነው ያረጁት። አቤኔዘር ደግሞ ቅዳሜ በምሁራን ፊት «ያገኘሁት ግኝት» ብሎ ሊያቀርበው ነበር።

«የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የበሩን ደወል ደውዬ የከፈተልኝ ስላልነበረ ከበር ተመለስኩ» አለ። «ነፍሳቸውን ይማር፤ አባቴ ነበሩ።»

በሦስተኛው ቀን መቅሊት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እንደ ቤቱ ደንብ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ተቀመጡ።

«የጋሼ ሹራብ ቁልፍ ከነክሩ ተበጥሶ እዚህ ሶፋ ሥር ተገኝቷል» አለች። «ደረጃ ላይ ተደናቅፎ የወደቀ ሰው ቁልፉ ሳሎን አይቀርም። ግብግቡ እዚህ ነበር።»

«ሌባ ነዋ! ካርታውን ፈልጎ» አለ አቤኔዘር።

«ላፕቶፑን ትቶ አሮጌ ወረቀት የሚሰርቅ ሌባ?» የጋሼን ማስታወሻ ገልጣ አነበበች። «‹ካርታው በ1681 ተሠራ ይላል። ታዲያ ይህ ድንበር ከየት መጣ? ሁለቱ መንግሥታት መስመሩን የተፈራረሙት በ1777 ነው። ልጄ አጭበርብሯል።› ካርታው እንዲጠፋ የሚፈልግ የሠራው ብቻ ነው፣ ዶክተር።»

«ከበር ተመለስኩ አልኩ እኮ!»

መቅሊት የአቤኔዘርን ቦት ከበሩ አንስታ፣ ፕላስቲኩን ገልጣ ጨዉ ላይ አሳረፈችው። ተረከዙ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር ገጠመች።

«ዛሂዳ አራት ሰዓት ላይ ወልውላዋለች፤ ጌቱ በጋራዥ ነው የሚገባው። ከበር የተመለሰ ሰው ደግሞ ቦቱን ትሪ ላይ አውልቆ አይቆይም።»

አቤኔዘር ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ቅዳሜ ቆሜ እናገራለሁ አሉኝ። ገፋኋቸው… ሳሎኑ ወለል ላይ አልተነሱም። ከዚያ… የወደቁ እንዲመስል… በደረጃው ወረወርኳቸው።»

«ያ አላህ!» አለች ዛሂዳ። «ሊገድላቸው ሲገባም ጫማውን አወለቀላቸው?»

«ሊገድል አልገባም» አለች መቅሊት። «ሊለምን ነው የገባው።»

ቦቱ ለማስረጃ ስለተያዘ ፖሊሶች በካልሲ ብቻ እንደሆነ ይዘውት ወጡ። ዛሂዳ በልማዷ መወልወያውን አንስታ ወደ ትሪው ጎንበስ አለች። የሚቆጣት ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።