የወንድይራድ እጅ በሶር አፋፍ

ፎቶ አንሺው ወንድይራድ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስሮ ከመቱ ከተማ ሲወጣ ሰማዩ ከማለዳው አኩርፎ ነበር። ሰውየው መቀመጥ የማይሆንለት፣ «እጅህን ሰብስብ!» እየተባለ ያደገ ነው። ሁለት ጊዜ የሶርን ፏፏቴ አንስቶ ሁለቱም ጊዜ ተንቀጥቅጦ ወጣበት። የከተማውን ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁት ሹምም ፎቶውን ገልብጠው አይተው «ይሄ ፏፏቴ ነው ወይስ የፈሰሰ ወተት?» አሉት። ለኤግዚቢሽኑ ነገ ጥርት ያለ ካላመጣ ሥራው ከጅማ ለሚመጣ ፎቶ አንሺ ይሰጣል፤ እሱም ፎቶ ቤቱን ዘግቶ አባቱ ዘንድ መዝገብ ቤት ይገባል። መዝገብ ቤት! ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ!

መንገዱን የሚመሩት ቀፎ ሲሰቅሉ ያረጁት ጋሼ ጅራታ ናቸው። ዝናቡ ጫካ ውስጥ ያዛቸው። ጭቃው ጫማ እየነጠቀ፣ ሐረጉ እግር እየጠለፈ ወንዙ ዳር ወረዱ። ሲሻገሩ ጎርፉ ወንድይራድን ጉልበቱ ላይ መታው፤ ካሜራውን ወደ ላይ ሲያነሳ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውና የፊልም ቦርሳው ተያይዘው ሄዱ። ካሜራው ውስጥ የቀረችው ለአንድ ፎቶ የምትበቃ ፊልም ብቻ ናት።

«እንመለስ?» አሉ ጋሼ ጅራታ።

«በምን ፊቴ!»

ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቷል። ወንድይራድ ካሜራውን አፋፉ ላይ ካለው አለት ላይ ሊያስቀምጥ ሲሮጥ ሽማግሌው መዳፋቸውን አለቱ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ይንቀጠቀጣል። ውሃው እየደበደበው ነው። እስቲ ንካው።»

ነካው፤ እውነት ነው። ለካ ያለፈው ጥፋት የእጁ ብቻ አልነበረም!

ራቅ ብለው የዋንዛ ጉቶ አገኙ። ጋሼ ጅራታ ኖፓ ወረዳ ላሉ ዘመዶቻቸው የያዙትን የቡና ከረጢት ጉቶው ላይ አደረጉለት፤ ካሜራው ፍሬው መሐል ሰመጥ ብሎ ተቀመጠ። ወንድይራድ አነጣጠረና ሲነሳ ካሜራውን የሚያንቀጠቅጠውን የውስጥ መስታወት አስቀድሞ አንስቶ ቆለፈው። አሥር ሰከንድ ቆይቶ በራሱ የሚያነሳውን ዘንግ ስቦ ቁልፉን ተጫነ። ዝዝዝ አለ።

ዝዝታው ግን በዛ። ጉቶው ውስጡ ክፍት ኖሯል፤ ብርዱ አፍኖ ያቆያቸው ንቦች ግልብጥ ብለው ወጥተው አንገቱና እጁ ላይ ሰፈሩ። ጉልበቱ ጉቶውን ተደግፏል፤ ቢዘል ፎቶዋም አበቃላት።

«ኦብሲ!» አሉ ሽማግሌው ባሉበት ደርቀው። «ታገስ! እጅህን ሰብስብ!»

አንዷ ዓይኑ ሥር ነደፈችው፤ ሌላዋ ከንፈሩን። እጁ እንደ ልማዱ ሊነሳ ቃጣው። ጭኑ ላይ አጣብቆ ያዘው። እንባው ወረደ፤ እጁ ግን አልተነሳም።

ቀጭ!

በማግስቱ ሹሙ ፎቶውን አነሱ። የፏፏቴው ዳር ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀና ሲሉ የወንድይራድ ፊት አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል።

«ፏፏቴውስ ጥርት ብሏል፤ አንተን ምን አደበላለቀህ?»

ወንድይራድ ባበጠ ከንፈሩ ሳቀ።

«እጄን ስሰበስብ ነው፣ ጌታዬ።»