የመኪና ውድድሩ ካሴት

ጋሼ ጌም ቴሌቪዥናቸው ፊት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ስክሪኑ በርቶ ባዶ ሰማያዊ ያሳያል። ጭናቸው ላይ የመኪና ውድድር ሥዕል የተለጠፈበት የድሮ የጌም ካሴት ተደፍቷል። ከመደርደሪያው ላይ በቁልፍ የሚሞሉ ባቡሮች፣ ዮዮዎችና ፀጉራቸው የሳሳ አሻንጉሊቶች ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በጌም ቤታቸው ያጫወቱ ሰው ነበሩ፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚያው ነው።

«የጠጡትን ሻይ ማን አፈላ?» አለ ፖሊሱ።

«እኔ» አለች አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ።

«ስኒውስ?»

«አጠብኩት።»

«ሰው ሞቶ ስኒ ታጥቢያለሽ?»

«እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነዋ! የቆሸሸ ስኒ ተቀምጦ ማየት አልወድም፤ ምን ላድርግ?»

የአራት ዓመት ሴት ልጇ የእናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ያቺ ሕፃን ቁርስ ትብላ አትብላ የጠየቀ ሰው የለም።

ሐኪሙ የዱቄት መርዝ ነው አለ። የመርማሪዋ አለቃ በስልክ፣ «ሻይ ያፈላችው እሷ፣ ስኒ ያጠበችው እሷ። ምን ትጠብቂያለሽ? እስከ አስር ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽ ትታሰራለች» አላቸው።

መርማሪዋ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ጎንበስ ብለው የሟቹን ፊት አዩ። ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ሻይ የጠጣ ሰው ፊት ላይ እንዲህ ያለ መስመር ከየት ይመጣል? ካሴቱን አንስተው በወረቀት ጠቀለሉና ወደ ላቦራቶሪ ላኩት። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«ጠዋት ማን መጥቶ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«ድሮ እዚህ የሚጫወቱ ሦስት ሰዎች፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያንና አንድ ልብስ ሰፊ። ጋሼ ናፍቃችሁኛል ብለው ጠርተዋቸው ነው። ሁሉም ከየቤታቸው የድሮ ካሴት ይዘው መጡና እዚያ ካርቶን ውስጥ ቀላቀሉት። የቱ የማን እንደሆነ እኔ እንጃ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው ጋሼ ልጫወት ብለው የተቀመጡት።»

መርማሪዋ ካርቶኑን በረበሩ። ጭናቸው ላይ የተገኘውን ካሴት ቁርጥ የሚመስል ሌላ የመኪና ውድድር አገኙና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መጀመሪያ የሄዱት ነርሷ ጋ ነው። ካሴቱን ሰጧትና፣ «ጭናቸው ላይ የነበረው ነው። እንዴት እንደሚሠራ አሳይኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም» አሏት።

ነርሷ ገና ስትቀበል ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችበት። «ይኸው ነው እንግዲህ! በእኛ ጊዜ ካሴት ካልሠራ እፍ ነው፤ ከሠራም እፍ ነው» ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። «ጌም ቤቱ ሲቃጠል አንዲት ሕፃን ሞታብናለች። ጋሼ ወጣ ብለው ነበር። በሩን የዘጠኝ ዓመት ወንድሟ ቆልፎት ነው ተባለ። እሱ ነው አሁን ልብስ ሰፊ የሆነው።»

ኤሌክትሪሺያኑን መሰላል ላይ አገኙት። ለነርሷ ያሏትን ደግመው ሲሰጡት፣ ካሴቱን ተቀብሎ እፍ አለና ራሱን ሰደበ። «ይኸው! ምራቅ መዳቡን ይበላዋል እያልኩ ሰው የምመክር እኔ! እጄ አልሰማ አለኝ እኮ፣ እማማ።»

ልብስ ሰፊው ከስፌት ማሽኑ ጋር ሲታገል ደረሱ። የክር ማጠንጠኛውን አወጣና ውስጡ የተጠራቀመውን ብናኝ እፍ ብሎ አራገፈው።

«ጋሼ ጌምን ትወዳቸው ነበር?»

«ልጅነቴን የጨረስኩት እሳቸው ቤት ነው።»

«የእህታቸውን ልጅ አስር ሰዓት ላይ ልናስራት ነው።»

«ያሳዝናል» አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«ጭናቸው ላይ የነበረው ነው» ብለው ካሴቱን ሰጡት። በሁለት ጣቱ ይዞ ከፊቱ አራቀው፤ በቁራጭ ጨርቅ ጠረገና መለሰላቸው።

አስር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ጋሼ ጌም ሳሎን ተሰበሰቡ። ፖሊሱ ካቴናውን በእጁ ይዟል። መርማሪዋ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሻዩ ምንም የለበትም» አሉ። «መርዙ ካሴቱ አፍ ውስጥ ነበር፤ ላቦራቶሪው አሁን ደውሎልኛል። ያ የፊታቸው መስመር ከካሴቱ ጠርዝ የቀረ ነው። እፍ ሲሉ ዱቄቱ ተመልሶ አፍና አፍንጫቸው ውስጥ ገባ። ገዳዩ እፍ እንደሚሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ ለሦስታችሁም ካሴት ሰጠሁ። ሁለታችሁ ሳታስቡት እፍ አላችሁበት። ስፌት ማሽኑን ሳይቀር እፍ የሚለው ሰው ግን ካሴቱን ሲያይ ትንፋሹን ዋጠ። ሁላችሁም በሻይ ሞቱ ብላችሁ በምታምኑበት ሰዓት እሱን ካሴቱ ለምን አስፈራው?»

«ንጽሕና ወንጀል ሆነ?» አለ ልብስ ሰፊው። «ቆሻሻ ነበር፤ ጠረግኩት። በቃ!»

ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ሕፃኗን ያያት አልነበረም። ካሴቱን አንስታ፣ «እኔ አውቃለሁ! ጋሼ አሳይቶኛል!» ብላ ልትነፋበት ጉንጮቿን ሞላች።

«አትንኪው!» ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን ገልብጦ ተወረወረ። ካሴቱን ከእጇ መንጥቆ ግድግዳው ላይ ሰባበረው። ሕፃኗ ጮኻ አለቀሰች።

«ያ ካሴት ንጹሕ ነበር» አሉ መርማሪዋ ቀስ ብለው። «ጭናቸው ላይ የነበረው ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። እኔ ስለ መርዙ ሳልናገር፣ ገና ቅድም መርዝ አለበት ብሎ የፈራ ሰው ግን መርዙን ያኖረ ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊው ቁና ቁና ተነፈሰ። «አዎ፣ እኔ ነኝ! ደግሞም አይቆጨኝም!» ቅድም እሳቸው ያላቸውን ሰው አሁን እሱ እያለ ነበር የሚያወራው። «ባለፈው ወር ሱፍ ሊያሰፋ መጣ። አንገቱን እየለካሁት፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እያለ ሳቀና ‹በሩን የቆለፍኩት እኮ እኔ ነኝ፤ አንተ ነህ ያልኩት ልጅ አይታሰርም ብዬ ነው፤ አልታሰርክም አይደል?› አለኝ። አባቴ እስኪሞት አንዲት ቃል አላናገረኝም! እናቴ የእህቴን ፎቶ ከእኔ ትደብቅ ነበር! አልታሰርክም ይለኛል!»

«ለምን ለእኛ አልነገርክም?»

«ታስሮ በሰላም እንዲያረጅ? በገዛ ጌሙ ይሙት አልኩ፤ ሞተ።»

«እሳቸው ጥፋታቸውን በልጅ አሳበቡ። አንተስ በማን ልታሳብብ ነበር?»

ልብስ ሰፊው ልጇን ወዳቀፈችው ሴት ዞረ። «ልናገር ነበር» አለ።

«መቼ?» አሉ መርማሪዋ።

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ልብስ ሰፊው፣ «እህቴ፣ ይቅር…» ብሎ ጀመረ።

«እህቴ አትበለኝ» አለች። የልጇን ጭንቅላት ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እኔን ወስደውኝ ቢሆን ይህቺ ልጅ የገዳይ ልጅ እየተባለች ታድግ ነበር። አንድ ቀን እውነቱን ትሰማና ትፈልግህ ነበር። ስታገኝህ ደግሞ፣ ልትበቀልህ ስትነሳ እኔ እናቷ እጇን አልይዛትም ነበር።»