ያለ ነበልባል የፋመው ሽቦ

አርዋ በመካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ያን ዕለት ከደሴ ስትመለስ ለቤተ ሙከራ የገዛችውን አልኮል በሻሽ ጠቅልላ እግሯ ሥር አስቀምጣው ነበር። ሚኒባሱ ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል የጠርሙሱ ክዳን ላላና ሽታው መኪናውን ሞላው።

«ማነው መጠጥ የያዘው?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት።

ዓይን ሁሉ ወደ ሒጃቧ ዞረ። ጠርሙሱን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋችው።

«የኔ ነው» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት፤ ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን ወደ ራሱ ሳበው። ሰው አጉረመረመ። እሱ በመስኮት ገደሉን ያይ ጀመር።

መናኸሪያ ሲደርሱ መልሶ አቀበላት።

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ጭንቅሽን አይቼ ነዋ!»

ዒምራን ይባላል፤ የመብራት መስመር ዘርጊ ነው። አልኮሉን ለምን እንደምትፈልገው ስትነግረው የመዳብ ሽቦ ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገባላት፤ መጣም።

ተማሪዎቿ ከበው እያዩ ሽቦውን ጠቅልላ በእሳት አጋለችው፤ ሞቅ ካለው አልኮል በላይም አንጠለጠለችው። እሳቱን አጠፋች። ሽቦው ግን አልጠቆረም። እንደ ፍም እየቀላ ቀጠለ።

«እሳቱ የታለ?» አለ ዒምራን በሹክሹክታ።

«የለም። የአልኮሉ ትነትና የአየሩ ኦክስጅን መዳቡ ላይ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። አልኮሉ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ መዳቡ ግን አያልቅም። ካታሊስት የሚባለው ይሄ ነው።»

ሽቦውን ብዙ አየው። ከዚያ እሷን አያት፤ ዓይኗን ሲያገኘው ግን ቶሎ ወደ ሽቦው ተመለሰ።

ከወራት በኋላ ዒምራን ሽማግሌ ላከ። የአርዋ አባት ሼህ ሺፋ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። የመኪናው ወሬ ግን ቀድሞ ጆሯቸው ደርሷል።

«መጠጥ ይዞ ለሚዞር ሰው ልጄን አልሰጥም» አሉ።

አርዋ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አባዬ፣ አልኮሉ የኔ ነው። በቤተ ሙከራ የምንሠራበት እንጂ የሚጠጣ አይደለም። እሱ የራሴ ነው ያለው እኔን ሊሸፍን ነው። ነገ ትምህርት ቤት ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

በማግስቱ ሼሁ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ አፍንጫቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሽቦው ያለ ነበልባል ሲፋም ግን እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሱብሐነላህ!» አሉ። «ይሄ ሁሉ ሥራ አየሩ ውስጥ ነበረ? እኛ ዝም ብለን ስንተነፍሰው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ለመግባት ፈርቶ ደጃፉ ላይ የቆመውን ዒምራንን አዩት።

«ልጄ፣ ስምህ ሲጠፋ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር የሷ ስም ይጠፋ ነበራ!»

ሼሁ ከወንበሩ ተነሥተው ደጃፉ ድረስ ሄዱ።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ» አሉት።

በጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰው ሳይበተን ሼሁ ተነሥተው፣ ስለ መኪናው የተወራው ሐሰት መሆኑን፣ ዒምራን የእሳቸውን ልጅ ሊያድን ብሎ መታማቱን ተናገሩ።

የጋብቻው ኒካ በታሰረ ዕለት ዒምራንን ከጎናቸው አስቀመጡት። አርዋ ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችው። እሱም ቀና አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኗ ለመንቀል አልቸኮለም።