የታችኛው ረድፍ ሳጥን

እንዝርት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ግን እናቷ ያወጣችላት ቅጽል በሰው ሁሉ አፍ ቀረ። የሚኖሩት ከልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ሱቁ የእናቷ ነው። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ይኖሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጥቃቅን የሰዓት ጥርሶች ላይ ሲያፈጡ ኖረው ዓይናቸው ደክሟል። የሰው ፊት ይለያሉ፤ ጽሑፍ ግን አይታያቸውም።

በዚያን ጊዜ ስልክ በየሰው እጅ አልነበረም፣ ልጆች። ደብዳቤ ነበር። የእንዝርት እናት ፖስታ ቤት ውስጥ አንዲት ሳጥን ነበረቻት፤ የሰዓት ሠሪው ደብዳቤም የሚመጣው በዚያችው ሳጥን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ማየት የእንዝርት ሥራ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ፖስታ ቤት መሄድ አልወድም። ዘበኛው ባዶ ቦርሳ እንኳ ሳይፈትሽ አያሳልፍም። እስክሪብቶው በገመድ ታስሯል፤ ቀለም ግን የለውም። መስኮቱ ላይ ሰው አይኖርም፤ ሲኖርም «ቆይ» ይላል። የእንዝርት ሳጥን ደግሞ የታችኛው ረድፍ ላይ፣ ከወለሉ አጠገብ ነበረች። ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካ ቁልፉን ግራ ቀኝ ስታደርግ ጣቷ ይላጣል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ሳጥኑ ባዶ ነው። ባለፈው ሳምንትም ባዶ ነበር። ከዚያ በፊትም።

ስትመለስ ሰዓት ሠሪው በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቋታል። «አለ?» ይሏታል። «የለም አባባ» ትላለች። «እሺ ልጄ» ብለው ይገባሉ። የሚጠብቁት የእህታቸውን ደብዳቤ ነበር። ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

አንድ ቅዳሜ እንዝርት ከአናጢው ቤት ፊት ለፊት ገመድ የሚዘሉ ልጆች አገኘች። አንድ ሰው ጎድሏቸው ነበርና ጠሯት። እሷም በልቧ «መቼም ባዶ ነው፤ ባየውም ባላየውም ያው ነው» አለች። ላቧ ጠብ እስኪል ዘለለች። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰችና ዓይኗን በጨው አጥባ «የለም አባባ» አለች። «እሺ ልጄ» አሏት። ማንም አልነቃባትም። ውሸት ሲጀምሩት እንዲህ ቀላል ነው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ደገመችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሲያካፋ ስላረፈደ ገመድ የሚዘል ልጅ አልነበረም። እንዝርት ሌላ መሄጃ ስታጣ ፖስታ ቤት ሄደች። ሳጥኑን ብትከፍተው በሰዓት ሠሪው ስም የመጣ ፖስታ አገኘች። ደስ አላት። ይኸው መጣ፣ ማንም አልተጎዳም ብላ እየሮጠች ወሰደችላቸው።

ሽማግሌው ፖስታውን ሁለት ጊዜ አገላብጠው መልሰው ሰጧት። «አንብቢልኝ» አሉና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ቀጥ አሉ። እንዲህ ፈገግ ብለው አይታቸው አታውቅም።

«ወንድምዓለም» ይላል ደብዳቤው፣ «ጠቅልዬ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ከእንግዲህ መመለሴንም እንጃ።»

እዚህ ላይ የእንዝርት ዓይን ቀድሞ ወደ ታች ወረደ። ቀን የተጻፈባት አንዲት መስመር ላይ ቆመ። ያቺን መስመር ብትዘላትስ? ሽማግሌው አያዩም። ማን ያውቅባታል? እግዚአብሔር ብቻ። ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱልኝ፤ አስቡበት።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሏት።

አነበበችው። «አውቶቡሴ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠኝ፣ በእናንተ ከተማ ያልፋል። መናኸሪያው ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይቆማል። ና እንተያይ። ዓይንህ መድከሙን ሰምቻለሁ፤ እኔ እጠራሃለሁ። ድምፄን ታውቀው የለ?»

ሰዓት ሠሪው በጣታቸው ቆጠሩ። ማክሰኞ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። ደብዳቤው የደረሰው ዛሬ እንደሆነ ጠየቋት።

እንዝርት ፖስታውን ገልብጣ ማኅተሙን አየች። «አይደለም አባባ» አለች። «ማኅተሙ ደብዳቤው ከደረሰ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ይናገራል። እኔ ሳጥኑን አላየሁትም። ገመድ ስዘል ነበር።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብለው «እንግዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠራኝ ቆይታለች» አሉ።

እንዝርት እያለቀሰች ወጣች። ለእናቷም ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ስፌቷን አቁማ ሰማቻት፤ የፈሰሰ ውኃ እንደማይታፈስ፣ ይቅርታ መጠየቅ ግን እንደሚቻል ነገረቻት። በማግስቱ ሰዓት ሠሪውን ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸው እየተናገሩ እሷ ለእህታቸው መልስ ጻፈች። በመጨረሻም አስፈቅዳ የራሷን መስመር ጨመረች፤ «ደብዳቤውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ወንድምዎ አልቀሩብዎትም።» አዲሱን አድራሻ ስለማያውቁት በድሮው ላኩት። ይድረሳት አይድረሳት አልታወቀም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓት ሠሪው ቁልፉን ከእናቷ ተቀብለው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። እግራቸውን ሊያፍታቱ እንደሆነ ነገሯት። ምክንያቱ ግን እሱ እንዳልሆነ እንዝርት ገብቷታል። እሷ እየመራቻቸው ፖስታ ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው ሲሚንቶው ላይ በስንት ጣር ተንበረከኩ። እጃቸውን አስገብተው የሳጥኑን ጥጎች ዳሰሱ። ባዶ ነበር። ብዙ ቅዳሜ እንዲህ አብረው ተመላለሱ፤ እሷም ብቻዬን ልሂድ ለማለት አፍ አልነበራትም።

ከወራት በኋላ አንድ ብርዳም ቅዳሜ ሰዓት ሠሪው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። «ዛሬ ጉልበቴ እንቢ አለኝ» አሉ። «አንቺ ሂጂና እይልኝ።»

ልጆቹ ከአናጢው ቤት ፊት ለፊት ሆነው ጠሯት። አልቆመችም። ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች፤ እንደ እሳቸው እጇን አስገብታ አራቱንም ጥግ ዳሰሰች።

«የለም አባባ» አለች ስትመለስ። «እስከ ጥጉ አይቼዋለሁ።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቋትም። ቁልፉንም እዚያው እሷ ጋ ተዉት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ያላያችሁትን አየሁ አትበሉ፤ እናንተ ትንሽ ናት ያላችኋት ውሸት የሌላውን ሰው ትልቅ ነገር ታስቀርበታለች።